ሞተሩን ራሴ ልፍታው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

እንደምን ከረማችሁ! ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የቱን ራሳችሁ መሥራት እንደምትችሉ፣ የቱን ደግሞ ለመካኒክ መስጠት እንዳለባችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ብሳሳት ምን ይበላሻል?

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ጋሼ፣ የቪትዜን ዘይት ራሴ ብቀይር ችግር አለው?

የለውም እህቴ፣ ቀይሪ። ሞተሩን ትንሽ አሙቂው፣ ሜዳ ላይ አቁሚው። መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ግን ከሥሩ እንዳትገቢ፣ ጠንካራ መደገፊያ አድርጊበት። ፊልትሮውንም አብረሽ ቀይሪ፤ የአዲሱን ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ዘይት ቀቢና ፊልትሮውን በእጅሽ ብቻ አጥብቂው። የማፍሰሻውን ብሎን በኃይል አትጠምዝዢው፣ ጥርሱ ከተበላ ሥራው ሌላ ነው።

ጥያቄ (ደጀን)፦ የዓባይን በረሃ ስወጣ ሙቀቱ ቀይ ይነካል። ራዲያተሩን ራሴ ላጥበው?

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ትኩስ ራዲያተር አትክፈት! አንድ ወዳጄ እዚያው ዳገት ላይ ከፍቶ ክንዱ ተቃጥሏል፣ ጠባሳውን ባየሁ ቁጥር ይሰማኛል። ቁምና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይብረድ።

ከዚያ ክዳኑን እየው። እኛ ያለንበት ከፍታ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ በክፍት ድስት 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል፤ የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ ያመልጥና ዳገቱን ሳትጨርስ መፍላት ይጀምራል። ብዙ ሰው ክዳን ሳይቀይር ራዲያተር ይቀይራል! ክዳኑን፣ ቺንጋውን (የጎማ ቀበቶውን)፣ ቬንቲሌተሩን፣ የውኃ ጎማዎቹን ማየትና ማጠብ የአንተ ሥራ ነው።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ነጭ ጭስ ካልቆመ፣ ወይም ውኃው መፍሰሱ ሳይታይ ከጎደለ ግን እጅህን ሰብስብ። የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለት በመካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ሊሆን ይችላል። ቴስታታው መጣመሙ ይለካል፣ ብሎኖቹም በተራና በደረጃ፣ በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃሉ። በግምት የታሰረ ቴስታታ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ የሚኒባሴን የታይሚንግ ቺንጋ ከወንድሜ ጋር ልንቀይር ነው።

አትቀይሩ። 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ፣ የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ይህ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፤ ያገለገለ መኪና ከገዛህና መቼ እንደተቀየረ ካላወቅህ አሁኑኑ አስቀይር። ማርሾቹ ላይ ያለው ምልክት ሳይገጥም ከታሰረ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ተሳፋሪ ጭነህ የምትሄድበት መኪና ነው፣ እባክህ።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ባጃጄ ጠዋት አልነሳ ይላል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ካንዴላውን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍታ። ደረቅ ጥላሸት ካለው ጥረገው ወይም ቀይረው፣ ስትመልሰው መጀመሪያ በእጅህ አስገባው። ዘይት ከነካውና ሰማያዊ ጭስ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳያልቅ አልቀረም፣ ለመካኒክ ስጠው።

ጥያቄ (መርዓዊ)፦ የውኃ መሳቢያ ሞተሬ ጥቁር ያጨሳል፣ ጉልበትም አጣ።

የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ ይሆናል። አጽዳው፣ ካልጸዳ ቀይረው።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ መካኒክ "ሞተሩ ይውረድ" አለኝ። እንዴት ልመነው?

መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ይለካልህ። ቤንዚን ሞተር ከሆነ፣ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምሮ ደግሞ ይለካ፤ ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻ ነው፣ ካልጨመረ ብዙውን ጊዜ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። የእጅና የዕቃ ዋጋውን ለይቶ አስቀድሞ ይንገርህ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበለው። ኮምፕሬሽኑን ሳይለካ ቁልፍ የሚያነሳ ከሆነ መኪናህን ይዘህ ሌላ ጋራዥ ሂድ።