የኬንያው ድርጅት በጨረታ በለጠኝ፤ የአገር ውስጥ ምርት አስተያየት ቀረ እንዴ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የተማሪ ዴስክ እሠራለሁ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓለም አቀፍ ጨረታ ላይ አንድ የኬንያ ድርጅት በ8 በመቶ ረክሶ አሸነፈኝ። ለአገር ውስጥ ምርት የሚደረገው ልዩ አስተያየት (ዋጋ ሲወዳደር የሚሰጠው ቅድሚያ) አልተደረገልኝም። “በአፍሪካ ነፃ ንግድ ስምምነት ምክንያት ቀርቷል” አሉኝ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በድሬ ወግ አንተ ልበልህ።

ልክ አይደሉም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2011 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ግን የመንግሥት ግዥ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ስለ መንግሥት ግዥ የሚደነግግ ክፍል፣ የለውም። ዕቃህን በተመለከተ በዋናነት የሚነካው ቀረጥን ነው። የኬንያው ዴስክ ቀረጡ ቀንሶለት ሊረክስ ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የመንግሥት ግዥ ስምምነትም ለብቻው የሚፈረም ነው። እኛ አልፈረምንም።

ግን ገና አትደሰት። አንድ ነገር ዘለሃል፦ የጨረታው ገንዘብ የማን ነው? ለዴስክ ዓለም አቀፍ ጨረታ ሲወጣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብድር ወይም እርዳታ ነው። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። የጋዜጣውን ማስታወቂያ ያነባሉ፣ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ያሠራሉ፣ ሰነዱን ግን ዋጋ ከሚሞላበት ገጽ ውጪ አይገልጡትም። ከዚያ የግዥ አዋጁን ይዘው ይከራከራሉ።

የብድር ስምምነት በተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ይጸድቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የግዥ አዋጅ 649/2001 ደግሞ ከስምምነት ጋር ከተጋጨ ስምምነቱ ይበልጣል ይል ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ ብድር ከሆነ፣ የአበዳሪው የግዥ ደንብ አዋጁን ሊበልጥ ይችላል። አሁን ያለው 1333/2016 ነው፤ ቅሬታህ ላይ አሮጌውን አንቀጽ እንዳትጠቅስ።

ገንዘቡ የዓለም ባንክ ከሆነ ለዕቃ 15 በመቶ አስተያየት ሊኖር ይችላል፤ የሚኖረው ግን የጨረታው ዝርዝር መረጃ ሠንጠረዥ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ተጽፎም ቢሆን፣ ለአገር ውስጥ ምርት የተዘጋጀውን የዋጋ ቅጽ መሙላት አለብህ። የአገር ውስጥ ጉልበት፣ ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ከፋብሪካ በር ዋጋው (ማጓጓዣ ሳይጨመር) ከ30 በመቶ መብለጡንም ታስረዳለህ። የዴስኩ ብረት ቱቦ በጅቡቲ የገባ፣ እንጨቱም የገባ ከሆነ፣ አንተ የጨመርከው ብየዳና ቀለም ብቻ ይሆናል። ይህንንም አልነገርከኝም። ሒሳቡን በደረሰኝ አሠራው፤ በአፍ አይሆንም።

ሌላው፣ የውጤት ደብዳቤው መቼ ደረሰህ? ቀኑን ሳትጽፍልኝ ምን ልበልህ? የቅሬታ ጊዜ በሥራ ቀናት የሚቆጠር አጭር ጊዜ ነው፤ ሰነዱ ላይ አለ። ቅሬታው በጽሑፍ፣ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይገባል። ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስደርግ። “ነገ እንነጋገር” ቢሉህም አስገባ።

ሰነዱን ሳላይ ታሸንፋለህ አልልህም። ሙሉውን የጨረታ ሰነድ፣ ያስገባኸውን የዋጋ ቅጽ፣ ደብዳቤውንና የግዢ ደረሰኞችህን ይዘህ ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ሂድ።