ዘይት የሚተፋው ተርቦው ነው ወይስ የሞተሩ መተንፈሻ?

የ3.0 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስዎ ሚኒሞ (ቆሞ በዝቅተኛ ዙር) ላይ ቆይቶ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ እንደሚያወጣ፣ የኢንተርኩለሩ (ከተርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ማኒኮቶ፣ ማለትም ቱቦው፣ ውስጡ በዘይት እንደራሰ፣ የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የፊት ሲል፣ ማለትም ዘይት ማገጃው ጎማ፣ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ዛሬም እንደሚያንጠባጥብና የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው እየተገፋ እንደሚወጣ ጽፈውልናል። ተርቦው (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) መቀየር አለበት ተብለዋል። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው «ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ ዘይት ወደ አየር ቱቦው እንዳይገባ አድርጎልኛል» ባሉት ላይ ነው። አዲስ ሲል ወዲያው የሚያፈሰውና መለኪያው የሚገፋው ሞተሩ ውስጥ ግፊት ሲታመቅ ስለሆነ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ወደ ተርቦው መግቢያ የሚሄደው የመተንፈሻ ጎማ በቡሎን ተደፍኗል ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህ ጥገና ሳይሆን ችግሩን ከዓይን መሰወር ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ኢንተርኩለሩን አውርደው የተጠራቀመውን ዘይት ያፍስሱ። የናፍጣ ሞተር በአየር መግቢያው የሳበውን የሞተር ዘይት እንደ ነዳጅ ስለሚያቃጥለው፣ ቁልፉ ቢዘጋም ፍጥነቱን እየጨመረ እስኪሰበር ድረስ ሊዞር ይችላል። ይህ ቢከሰትና መኪናው ማንዋል ከሆነ፣ ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው በ5ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ያጥፉት፤ የአየር መግቢያውን በእጅዎ ለመድፈን ግን ፈጽሞ አይሞክሩ።

ብዙ ሰው ተርቦው ውስጥ እንደ ክራንክሻፍቱ ያለ የጎማ ሲል ያለ ይመስለዋል። የለም፤ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ በሚዞርና አንድ ጫፉ በጭሱ ሙቀት በሚጋል ዘንግ ላይ ጎማ አይበረክትም። ያሉት እንደ ፒስተን ፋሻ ያሉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ እነርሱም ዘይቱን የሚያግዱት በሁለቱ ጫፎች ያለው የአየርና የጭስ ግፊት በመካከሉ ካለው ግፊት ሲበልጥ ነው። ዘይቱ ወደ ተርቦው በፓምፕ ተገፍቶ ይገባል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋው ነገር ስለሌለ በወፍራሙ ቱቦ በገዛ ክብደቱ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ) ይወርዳል። በፒስተኖቹ ፋሻ በኩል የሚያመልጠው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ከታች ይታመቅና የሚወርደውን ዘይት ያግደዋል፤ የታገደውም ዘይት ተርቦው ውስጥ ከፍ እያለ ቀለበቶቹን አልፎ በአንድ በኩል ወደ ኢንተርኩለሩ፣ በሌላው በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። መተንፈሻው እንደተደፈነ አዲስ ተርቦ ቢገዙ፣ እሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ መትፋቱ አይቀርም።

ስለዚህ ጎማውን ነቅለው ከጫፍ እስከ ጫፍ አየር ማሳለፉን ያረጋግጡ። ካረጀ በዘይት በሚበረክት ጎማ ይተኩት፤ ርካሹ የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጥና ውስጡ ይጠብባል። የተርቦውን የዘይት መመለሻ ቱቦም ይፍቱት፤ በጋርኒሲዮን (በማሸጊያው) ፋንታ ሲሊኮን ተለቅልቆበት ከሆነ፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ሲሊኮን መንገዱን ያጠብበዋል። በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮም ተርቦው ከመተንፈሻው የዘይት እንፋሎት አብዝቶ እንዲስብ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ጎማውን መልሰው፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡ። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም፤ ጭስ እየተግተለተለ ክዳኑን ካሽቀነጠረው ግን የፒስተኖቹ ፋሻ ሳያልቅ አልቀረምና ኮምፕሬሽን (ፒስተኖቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት) ያስለኩ።

በመተንፈሻው ጎማ መሃል የዘይት ማጥመጃ ጣሳ መግጠም ካማረዎት፣ በገበያ የሞሉት ርካሾቹ ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ እንፋሎቱ ሳይጠመድ ያልፋል፤ የቀጠነው አፋቸውም ግፊቱን መልሶ ያመጣዋል። ውስጡ ማጣሪያ ያለውን፣ አፉም ከጎማዎ የማይጠበውን ይምረጡና ሳይሞላ ያፍስሱት፤ የሞላ ጣሳ ዘይቱን በአንድ ጊዜ ወደ ሞተሩ ከለቀቀው ከላይ ያስጠነቀቅሁት ሞተሩ በራሱ የመሮጥ አደጋ ይደርሳል።

ሲሉን የሚቀይሩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጥቂት ቀናት ነድተው ማኒኮቶውን ሲከፍቱ ስስ የዘይት ቅባት ብቻ ካዩ ጤናማ ነው። ዘይቱ እንደገና ካቆረ ሞተሩ በቀዘቀዘበት የተርቦውን ዘንግ በጣትዎ ይነቅንቁት፤ ወደ ጎን ትንሽ መላወሱ ያለ ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚታወቅ ላወላ ካለው ወይም ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ግን ያን ጊዜ ተርቦው ይቀየር።