ሬሳ ለምን ፍርድ ቤት ይቀርባል? የስኮትላንድ ፓርላማ የክህደት ችሎቶች፦ ጥያቄና መልስ

በ1600 ሁለት ወንድማማቾች ከሞቱ ከሦስት ወር በኋላ ኤዲንብራ ውስጥ በፓርላማ እንደተፈረደባቸው ከተናገርኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። በየተራ ልመልስ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞተ ሰው ተከስሶ ምን ሊደረግ ነው? ማን ሊቀጣበት?

የሚቀጣው ወራሹ ነው። በንጉሡ ላይ ክህደት ፈጽሟል የተባለ ባላባት የሚያጣው ነፍሱን ብቻ አይደለም፤ መሬቱ፣ ማዕረጉ፣ ቤቱና ንብረቱ ሁሉ ይወረሳል። ነገር ግን ሳይፈረድበት ከሞተ ርስቱ ለልጁ ይተላለፍ ነበር። በጄምስ 5ኛ ዘመን፣ በ1540፣ ፓርላማው ይህን ቀዳዳ ደፈነው፤ ከሞት በኋላም የክህደት ክስ መመሥረት ተፈቀደ። መጥሪያው ለወራሾች ይደርሳል፤ ቀርበው ይከራከሩ ይባላሉ። ስለዚህ ሬሳው ቢቆምም ዐይኑ ሁሉ መሬቱ ላይ ነው። ይህን ካልያዝን ሌላው ሁሉ ጭካኔ ብቻ መስሎ ይታየናል።

ሬሳው በእርግጥ አዳራሽ ውስጥ ይገባ ነበር?

አዎ። የሃንትሊን ኧርል (ኧርል የከፍተኛ ባላባት ማዕረግ ነው)፣ ጆርጅ ጎርደንን እንይ። በሰሜን ስኮትላንድ የሚስተካከለው አልነበረም። በጥቅምት 1562 ከንግሥት ሜሪ ጦር ጋር ኮሪቺ ላይ ገጥሞ ተሸነፈ፤ ከተማረከ በኋላ ከፈረሱ ላይ ወድቆ ሞተ፣ ቁስል እንኳ አልነበረበትም። ወንድ ልጁ ጆን አበርዲን ላይ አንገቱ ተቀላ። የአባትየው ሬሳ ግን እንዳይፈርስ በመድኃኒት ታሽቶ ወደ ኤዲንብራ ተወሰደ።

በግንቦት 1563 ፓርላማው ሲሰበሰብ የሬሳ ሳጥኑን አምጥተው፣ ሰውዬው በእግሩ የቆመ ያህል ቀጥ አድርገው አቆሙት። በላዩ የቤተሰቡ አርማ ያለበት ጨርቅ ተሰክቷል። ንግሥቲቱ ተቀምጣለች። ፍርዱ ሲነበብ አርማው ተነቀለ፤ ጎርደኖች ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ኧርል አይደሉም ማለት ነው። ሬሳው የተቀበረው በ1566 ነው፣ ኤልጊን ካቴድራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ሦስት ዓመት ነው፤ ሚስቱ ኤልሳቤጥ ባሏን ሳትቀብር መቆየቷ። በ1567 ያው ፓርላማ ፍርዱን ሽሮ ርስቱን ለልጁ መለሰ፤ ንግሥቲቱ በዚያን ጊዜ ጎርደኖችን ትፈልጋቸው ነበር።

የእንግሊዝ ፓርላማ እንደሚያደርገው ነው?

አይደለም። በዚያን ጊዜ ስኮትላንድ ውስጥ ቀሳውስቱ፣ ባላባቶቹና የከተማ ተወካዮቹ በአንድ አዳራሽ ይቀመጡ ነበር፤ ሁለት ምክር ቤት አልነበረም። ዳኞቹ እነዚሁ ነበሩ። ከመካከላቸው የተከሳሹን መሬት የሚመኙ ጎረቤቶቹ እንደነበሩ አትርሱ።

የ1600ውን ጉዳይ አብራራልን። ጋውሪዎቹ፣ ማለትም ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ጥፋተኞች ነበሩ?

የቤተሰቡ ስም ሩትቨን ተብሎ ይጻፋል፤ ሲነበብ ሪቨን ነው። ነሐሴ 5 ጠዋት ጄምስ 6ኛ ፎክላንድ ላይ ለአደን ሲወጣ አሌክሳንደር ሩትቨን መጣና ወርቅ የሞላበት ማሰሮ የያዘ ሰው መያዙን ነገረው። ንጉሡ ከአደኑ በኋላ ፐርዝ ወደሚገኘው የወንድሙ፣ የጋውሪው ኧርል ቤት ሄደ። ምሳ በልቶ ከአሌክሳንደር ጋር ፎቅ ወጣ፣ በሩ ተቆለፈ። ትንሽ ቆይቶ ከማማው መስኮት «ክህደት!» እያለ ጮኸ። ጆን ራምዚ የተባለ አሽከሩ በጠባብ ደረጃ ሮጦ ወጥቶ አሌክሳንደርን ወጋው፤ ኧርሉም ሊደርስለት ሲወጣ ተገደለ።

እንግዲህ በዚያ ክፍል የሆነውን የሚናገሩት ንጉሡና ሄንደርሰን የሚባል የኧርሉ አገልጋይ ናቸው፤ ሄንደርሰን የጦር ልብስ ለብሼ ማማው ውስጥ ነበርኩ አለ። ሌላኛው ወገን ሞቷል። ደግሞም ዘውዱ ከሩትቨኖች ብዙ ገንዘብ ተበድሮ ነበር። በእኔ ግምት ወንድማማቾቹ ንጉሡን ሊያግቱት አስበው ሊሆን ይችላል፤ አባታቸው በ1582 አድርጎታል፣ በ1584ም ተሰይፏል። ንጉሡን ሊገድሉ ነበር የሚለው ግን አያሳምነኝም። በጊዜውም ያላመኑ ነበሩ። ሮበርት ብሩስ የተባለው የኤዲንብራ ሰባኪ በመድረክ ለንጉሡ ታሪክ ምስክር አልሆንም ብሎ ተሰደደ።

ፓርላማው በኅዳር ሁለቱን ሬሳዎች አስቀርቦ ምስክር ሰማ፤ ኅዳር 15 ቀን ፈረደ። ኅዳር 19 ቀን ሬሳዎቹ በገበያው አደባባይ ተሰቀሉ፣ ተቆራረጡም። ጭንቅላታቸው ኤዲንብራ ቀረ፤ ሌላው አካላቸው ለፐርዝ፣ ለዳንዲና ለስተርሊንግ ተላከ። የሩትቨን ስም ራሱ ታገደ፤ የያዘ ሁሉ ይቀይር ተባለ። መሬቱስ? ስኮን ለዴቪድ መሪ፣ ደርልተን ለቶማስ ኧርስኪን ደረሱ፤ ሁለቱም በዕለቱ ከንጉሡ ጋር የነበሩ ናቸው።

አጥንት ተቆፍሮ ወጣ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በ1609። ሮበርት ሎጋን የተባለ ባላባት ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከጋውሪ ጋር ተጻጽፏል የሚሉ ደብዳቤዎች ተገኙና አጥንቱ ወጥቶ ፓርላማ ቀረበ። ደብዳቤዎቹ የጆርጅ ስፕሮት፣ ቀድሞ የተሰቀለው የውል ጸሐፊ፣ አስመስሎ የጻፋቸው እንደሆኑ በሰፊው ይታመናል።

በሕይወት ያለ ተከሳሽ ጠበቃ ነበረው?

የአርጋይል ማርኪስ (ከኧርል የሚበልጥ ማዕረግ ነው) በ1661 ነበረው። ብዙ ቀን ተከራከረ፤ በንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ሞት እጁ አለበት የሚለው ክስ ውድቅ ሆነለት። ነፃ ሊወጣ ሲቃረብ ግን በክሮምዌል ዘመን ስኮትላንድ ውስጥ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ለነበረው ለጄኔራል መንክ የጻፋቸው፣ ከዚያ አገዛዝ ጋር መተባበሩን የሚያሳዩ የድሮ ደብዳቤዎች ከለንደን ደረሱ። ግንቦት 27 ተሰየፈ።

የሩትቨን ልጆችስ?

የሟቾቹ ታናናሽ ወንድሞች ዊሊያምና ፓትሪክ ወደ እንግሊዝ አመለጡ። ጄምስ በ1603 የእንግሊዝን ዙፋን ሲወርስ ግን እዚያም ደረሰባቸው። ፓትሪክ የለንደን ግንብ ውስጥ እስከ 1622 ታሰረ። ሴት ልጁ ሜሪ በኋላ ሠዓሊውን አንቶኒ ቫን ዳይክን አገባች። የታገደው ስም በ1641 በፓርላማ ተመለሰ።