መዳፌ ያልበኛል፤ እንዴት ልጨብጥ?

ጥያቄ፦ ለሥራ ብዙ ሰው እጨብጣለሁ። መዳፌ ስለሚያልበኝ ጣቶቼን ብቻ አስነክቼ እመልሳለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከላቡ ይልቅ ሰው የሚከፋው በጣት ጫፍ ሲጨበጥ ነው፤ ንቀት ይመስለዋል። ጣትዎን ቀድመው አያጥፉት። የአውራ ጣትዎና የሌባ ጣትዎ መጋጠሚያ ከሰውየው መጋጠሚያ ጋር እስኪነካካ እጅዎን ያስገቡ። ከዚያ የበር እጀታ በሚይዙበት ኃይል ጨብጠው፣ ዓይኑን እያዩ፣ 2 ወይም 3 ጊዜ ወዝወዝ አድርገው ይልቀቁ። ከዚያ በላይ መያዝ ያስጨንቃል።

ለላቡ፣ ከመግባትዎ በፊት እጅዎን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ መሐረብም በቀኝ ኪስዎ ይኑር። ቀዝቃዛ መጠጥ ከያዙ በግራዎ ይሁን፤ ብርጭቆው መዳፍ ያረጥባል። ተቀምጠው ከሆነ ይነሱ። ሰውየው እጁን ካልዘረጋ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ይበሉ፤ በእምነቱ ወይም በጤናው የተነሳ የማይጨብጥ አለና ምክንያቱን አይጠይቁ።