አያቴ ካሜራ ሳወጣ ፊቷን ትሸፍናለች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ 22 ዓመቴ ነው። ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አይታየኝም። ቤተሰቦቼ “በስልክ ዘመን ማን ከፍሎ ይነሳል?” ይሉኛል። እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አልሰለችዎትም? ደግሞ አያቴን ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ግን ካሜራውን ሳወጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጎትታለች። ምን ላድርግ?
(ካሜራ ያሳበደው፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ልጄ! እኔንም አሳብዶኛል፤ ፎቶ አንሺ ከሆንኩ 41 ዓመት ሆነኝ፣ እስካሁን አልተሻለኝም።

ቤተሰቦችህ ስለ ገበያው የሚሉት ውሸት አይደለም። ደሴ ፒያሳ ላይ ስጀምር ለኢድም ለፋሲካም ሰው በራችን ላይ ይሰለፍ ነበር። ዛሬ ጉርድ ፎቶ ባይኖር ሱቁ ድሮ ተዘግቷል። ስለዚህ ሌላ ሥራ ካለህ አትልቀቅ።

መሰልቸቱን ግን ልንገርህ። አንድ ጊዜ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ለመታወቂያ ሊነሳ መጣ። የሸሚዙ ኮሌታ ተበልቷል። ሱቅ ውስጥ የምትሰቀለውን ኮት አለበስኩት (ያቺ ኮት ስንቱን ሥራ ፈላጊ አልብሳለች!)፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ አስደረግሁት፣ አነሳሁት፣ ከፍሎ ሄደ። ከዓመት በኋላ ጥቁር የለበሰች እናት መጣች። እጇ ላይ ያቺው ፎቶ ናት፣ ጥጓ ታጥፎ። “አሳድግልኝ” አለችኝ። ለለቅሶ ነው። ኔጌቲቩን ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁና ማታ ጨለማ ክፍል ገባሁ። በቀይ መብራት ሥር ወረቀቱን ኬሚካሉ ውስጥ ስትነክረው መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁሩ ነው፤ ፀጉሩ መጣ፣ ኮቱ መጣ፣ ከዚያ ዓይኑ፣ ዓይኑ ውስጥ ደግሞ የመብራቴ ነጥብ። ያን ዕለት ቸኩዬ ቢሆን ኖሮስ? ከዚያ ወዲህ ጉርድ ፎቶ ብዬ የናቅሁት የለም። ለመታወቂያ የተነሳው ነው ለለቅሶ የሚያድገው።

ሁሌ እንዲህ የተሳካልኝ እንዳይመስልህ። በወጣትነቴ አንድ ሰርግ ሳነሳ ዋልኩ። ቆጣሪው 36 አልፎ 38፣ 40 ሲል ነው የነቃሁት። ፊልሙ ጥርሱ ላይ አልያዘም፣ አንድም ፎቶ የለም! ሙሽሮቹ በሳምንቱ ልብሱን መልሰው ለብሰው ስቱዲዮ መጡ፤ ሙሽራው እስከ መጨረሻው አልሳቀልኝም። አንተ ከዚህ ተርፈሃል፣ ብቻ ካርዱ መግባቱን እይ።

አሁን ወደ አያትህ። ዕድሜያቸውን አልነገርከኝም፣ ግን የሰባ ሰባትን ረሃብ የሚያስታውሱ ይመስለኛል። ያኔ ቆረም የወሎ ነበረች። የናይሮቢው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ረሃቡን እዚያ የቀረጸበት ፊልም በጥቅምት 1977 በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታ ጎረፈ። ብዙ ነፍስ ተርፎበታል፤ ሰውየው ሥራውን ነው የሠራ፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ከዚያ በኋላ ወሎ ሲባል የውጭ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ብቻ ሆነ። ከእነዚያ ፊቶች ስንቱ ስሙ ተጻፈ? ስንቱስ የራሱን ፎቶ በእጁ ያዘ? ነጠላ ቢጎተት አይገርመኝም።

እኛ “ፎቶ ማንሳት” ነው የምንለው። የወደቀንም እናነሳለን፣ የሚያለቅስ ሕፃንም እናነሳለን፣ የሌለን ሰው ስምም እናነሳለን። እኔ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ራሴን የምጠይቀው ይሄንኑ ነው፦ ይህን ሰው እያነሳሁት ነው ወይስ እየጣልኩት? ከዚህ የረቀቀ ፍልስፍና የለኝም፣ ይቅርታ።

እንግዲህ መጀመሪያ ቀን ካሜራውን አታውጣ። ቡናህን ጠጣ። በሌላ ቀን አውጥተህ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠውና ይልመዱት። አቦሉ ይለፍ፣ ቶናውም ይለፍ፤ በረካ ላይ ወሬው ሲሞቅ ፈቃድ ጠይቅ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እሺ ካሉ ግን ግቢ መሃል እንዳታወጣቸው፣ የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ነው የሚሠራው። በሩ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ይሁን። (እኛ ደሴዎች ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ከተማው በሙሉ ስቱዲዮ ይሆንልናል። ካሜራው ግን በነጩ ይታለልና ፎቶውን ያጠቁረዋል፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ከመጣህ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) በአንድ ጨምር።) ፊታቸው ሥር አትግባ፣ በስልክም ቢሆን በጣም ስትጠጋ የሚተልቀው አፍንጫ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ በል። ስኒ የያዘውን እጃቸውንም አትርሳ።

ከዚያ አሳትመው። ስክሪን ላይ አታሳያቸው፣ ወረቀቱን በእጃቸው ስጣቸውና ዝም በል። “ይቺ እኔ አይደለሁም” ካሉህ ካርዱ ላይ ያለውንም አጥፋውና በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ቡና ጠጣ።