መልስ፦ የቻርልስ ራስል ሥዕሎች ላይ ከየት ልጀምር?

ሰላም ወንድሜ! የአሜሪካዊውን የካውቦይ ሕይወት ሠዓሊ የቻርልስ ራስልን ተዘዋዋሪ አውደ ርዕይ ከልጆችህ ጋር ልታይ ነው፤ ጊዜ ካጠረህ ትልልቆቹ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ይበቁ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ከትንንሾቹ የውሃ ቀለም ሥራዎች እጀምራለሁ።

ራስል እ.ኤ.አ. በ1880 በምዕራብ አሜሪካ ወደምትገኘው ሞንታና ሲገባ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ለዓመታት ከብት ጠብቋል፤ ብዙውን ጊዜም የሌሊት ጠባቂ ነበር። ኮርቻውን፣ ገመዱን፣ የደነበረ ፈረስ አቋሙን በደንብ ያውቀዋል።

በ1886–87 የነበረው ብርድ የሞንታናን ከብት ፈጀ። ራስል ይጠብቀው የነበረው መንጋ ባለቤት «ከብቶቹ እንዴት ሆኑ?» ብሎ በደብዳቤ ጠየቀ። ራስል ፖስታ ካርድ በምታክል ወረቀት ላይ አንድ አጥንቱ የገጠጠ ከብት በረዶ ላይ ቆሞ፣ ተኩላዎች ዙሪያውን ሲጠብቁት በውሃ ቀለም ሣለ። መልሱ ይኸው ነበር! ሥዕሉ እጅ ለእጅ ዞሮ ስሙን አስጠራው። እዚያ ባታገኘው እንኳ ታሪኩን ለልጆቹ ንገራቸው። በጣም ነው የምወደው።

የውሃ ቀለም ብርሃን ስለሚጎዳው ሙዚየሞች ለረጅም ጊዜ አይሰቅሉትም። ክፍሉ ጨለም ቢልብህ ለዚያ ነው። የዘይት ቀለሞቹን ግን በኋላም ሞንታና ውስጥ ግሬት ፎልስ ከተማ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም፣ ወይም ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ዎርዝ ከተማ በሚገኘው አሞን ካርተር ሙዚየም ታገኛቸዋለህ።

ለልጆቹ አንድ ሥራ ስጣቸው፦ ከፊርማው አጠገብ የጎሽ ራስ ቅል ይፈልጉ። ብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ አለ። የነሐስ ቅርፆች ካሉም አትለፏቸው፤ ዞር ዞር ብላችሁ ከኋላም እዩዋቸው።