«እኔ በሷ ዕድሜ ቤት አስተዳድር ነበር»

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን እናት 34 ዓመታቸው ነው። የተወለዱት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ በ16 ዓመታቸው ተዳሩ። ባለቤታቸው በግ ነጋዴ ናቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ዘንድሮ 16 ዓመት ሞልቷታል። ጠያቂያችን «ልጅነቴን የበላው እሱ ነው፤ 18 ዓመት ታገሥሁ፤ አሁን ግን ፊቱን ማየት አስጠላኝ። ልፍታው ወይስ ልቻለው?» ይላሉ። ደብዳቤው ሦስት ገጽ ስለሆነ፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ትቼ ለምላሹ የሚያስፈልገውን ብቻ እጠቅሳለሁ።

እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ባለቤትዎ ነው፤ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ባነበብሁ ቁጥር ግን ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ስለ ባለቤትዎ ሲያማርሩ ቆይተው፣ አንድ ሌሊት ልጅዎ መብራት ሳታጠፋ መተኛቷን አይተው ወደ ክፍሏ እንደ ገቡ ጽፈዋል። ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ለሠርግዎ የተሰጠዎትን ባና እስከ አገጯ ተከናንባ አገኟት። በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። ነቅታ «ምን ሆነሽ ነው እማዬ?» ብትልዎት «ጉንፋን ነው» አሏት። ከዚያ ወዲያው፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይጨምሩ፣ ወደ ባለቤትዎ ጥፋት ተመለሱ። ፈቃድዎ ከሆነ እኔ እዚያው በሩ ላይ ጥቂት ልቆይ።

18 ዓመት የተቻለ ነገር ለምን ዘንድሮ አልቻል አለ? ባለቤትዎ የተለወጡ አይመስለኝም፤ ራስዎ እንደ ጻፉት እጃቸውን አንሥተውብዎት አያውቁም፣ ከገበያ ሲመለሱም ገንዘቡን የሚያስረክቡት ለእርስዎ ነው። የተለወጠው የልጅዎ ዕድሜ ነው። እርስዎ ሙሽራ ሆነው ከአባትዎ ቤት ሲወጡ በዙሪያዎ ያለው ሰው ሁሉ «እንግዲህ ትልቅ ሰው ሆንሽ» ይልዎት ነበር፤ ልጅ የተነገራትን ታምናለችና እርስዎም አመኑ። 16 ዓመት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆነው ያዩት፣ በዚያ ባና ውስጥ የተጠቀለለችውን ልጅ ባዩበት ሌሊት ይመስለኛል። ይህን በምክር ክፍሌ ከአንዲት በላይ እናት ላይ አይቻለሁ፤ ለዓመታት ተኝቶ የኖረ ጸጸት የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እናቷ የተዳረችበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ ይነሣል፤ እናቲቱም ምክንያቱን ስለማታውቀው አጠገቧ ካለው ሰው ላይ ትፈልገዋለች።

ቀጥዬ የምለው ቅር እንዳያሰኝዎት እለምናለሁ። «እኔ በሷ ዕድሜ ቤት አስተዳድር ነበር» የሚለው ቃል በደብዳቤዎ ሁለት ጊዜ ይገኛል። አንደኛው ልጅዎ እንጀራ መጋገር አልለምድ አለች ብለው የተቆጧት ጊዜ የተናገሩት ነው፤ እዚያ ላይ የሙያ ኩራት ነው። ሁለተኛውን ደግሞ በባለቤትዎ ላይ እንደ ክስ አቅርበውታል። አንዱ ነገር ለልጅ ሲሆን አርአያ፣ ለባል ሲሆን በደል ሊሆን አይችልም። ልጅዎ መጋገር አለመቻሏ ጥፋት ሆኖ ሳይሆን፣ እርስዎ ያላገኙትን እንቅልፍና ደብተር አግኝታ መኖሯ የሚያስቆጣዎትም ይመስለኛል። ይህን ማሰብ የሚያሳፍር ቢመስልዎትም እናትን ክፉ አያሰኝም፤ ሳይታወቅ ሲቀር ግን ልጅቱ በማታውቀው ዕዳ ትጠየቃለች።

ያ ቃል ኩራትም ክስም ከመሆኑ በፊት ሐዘን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሠልስቱ ይቆጠራል፣ አልቃሹም ሲበቃው እንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ላልተኖረ ልጅነት ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም፤ እንዲያውም የእርስዎ ልጅነት ያበቃበት ቀን እልል የተባለበት፣ በግ የታረደበት ቀን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እየጨፈረ ማን ያልቅስ? እንዲህ ሳይለቀስ የቀረ ሐዘን በጊዜ ብዛት ተከሳሽ መፈለግ ይጀምራል፤ ተከሳሽ ሆኖ የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የከፋው ሰው ሳይሆን ማታ ከአንድ ትሪ የሚበላው ሰው ነው።

«ዳሩኝ» ብለው ጽፈዋል። አማርኛ ዳሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ሳይነገር ማለፍ ያስችላል፤ እርስዎም አልፈውታል። «እሱ» ሦስቱን ገጽ ሞልቶ ሳለ አባትዎ አንድም ቦታ አልተጠሩም፤ እናትዎም የተነሡት ለጥምቀት በሶ ይዘውልዎት መጡ ሲባል ብቻ ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው በ1995 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እርስዎ በተዳሩበት ዓመት ሽማግሌ የተቀበሉት ታላላቆች ሕጉን አልፈው ነው። እናትዎን በዚህ እንዲጣሏቸው አልመክርም፤ እሳቸው ራሳቸው በተዳሩበት ዘመን ይሠራ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት ይበቃታል ይል ነበር። ባለቤትዎም አሥረኛ ክፍልን ያቋረጡ የ19 ዓመት ጎረምሳ እንደነበሩ በአንድ ቦታ ጠቅሰው አልፈዋል፤ አባታቸው የመረጡላቸውን ልጅ «አላውቃትም» ብለው ለመመለስ ምን ያህል አቅም ነበራቸው? በእርስዎ ላይ የደረሰው በደል ነው፤ ይህን የሚያስተባብል ነገር አልናገርም። የበደሉን ሁሉ ዋጋ ግን አንድ ሰው እንዲከፍል የጠየቁ ይመስለኛል።

ስለ ጋብቻዎ የመጀመሪያ ዓመታት፣ በተለይም ስለ መኝታው፣ አንዲት መስመር አለመጻፍዎን ሳላየው አልቀረሁም። እዚያ የተሰወረ ነገር ካለ እስካሁን ያልሁት ሁሉ ሊለወጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በጽሑፍ ምላሽ አይያዝም። ስለዚህ በሚኖሩበት ከተማ የአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚሰጥ ሆስፒታል ወይም አማካሪ ዘንድ ቀርበው ፊት ለፊት ቢነጋገሩ እመርጣለሁ፤ ከተቻለ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻዎን፣ ኋላ ምናልባት ከባለቤትዎ ጋር። የንስሐ አባትዎን ማማከሩ መልካም ነው፤ ነገሩ ግን በአንድ ቀን ዕርቅ ተድበስብሶ እንዳይቀር ያሳስበኛል።

መፍታት መብትዎ ነው፤ እኔ ልከለክልዎት አልችልም፤ ውሳኔውን ግን ለጥቂት ወራት ቢያቆዩት ይሻላል እላለሁ። እስከዚያው አንድ ምሽት ባለቤትዎን ስለ ጥፋታቸው ሳይሆን ያን የሠርግ ቀን እንዴት እንደሚያስታውሱት ይጠይቋቸው፤ መልሳቸው ምን እንደሚሆን አላውቅም። የማታ ትምህርቱንም በሰባተኛ ክፍል ካቆሙበት መቀጠል ይቻል እንደሆነ ቢጠይቁ አይከፋም።

ልጅዎን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ሌሊት በሩ ላይ ቆመው ስታገኝዎትና ምን እንደሆኑ ስትጠይቅዎት፣ ሌላ ጊዜ ጉንፋን ነው አይበሏት።